ለቤት የተረፈችው ጳጉሜን

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወጣቱ ወንጌላዊ የአዲሱን ዓመት የአገልግሎት ዕቅድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጡረታ ወደ ወጡት መጋቢ ቤት ይዞ የመጣው ምክር ፍለጋ አልነበረም፤ ምርቃት ሽቶ ነው። ዕቅዱን የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ሰኞ ያጸድቁታል። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ አገልግሎት ከ40 ዓመት በላይ የቆዩት ሰው አይተው «ተባረክ» ቢሉት ልቡ ያርፋል።

መጋቢው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መስከረም የወጣቶች ጉባኤ፣ ጥቅምት ወደ ደቡብ ጉዞ፣ ኅዳር የመሪዎች ሥልጠና፣ ታኅሣሥ የጀማ ስብከት። ወሩ እንዲህ ሞልቶ ሳምንቱም ክፍተት የለውም፤ ማክሰኞ የመዘምራን ጥናት፣ ረቡዕ ጾም ጸሎት፣ ሐሙስ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ዓርብ የአዳር ጸሎት፣ ቅዳሜ የጋብቻ ምክር፣ እሑድ ሁለት ጊዜ አምልኮ። የጋብቻ ምክር የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ትንሽ አቆዩ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ጳጉሜን ባዶ ናት» አሉ።

«እሷን ለቤት ትቻታለሁ፣ ጋሼ። ልጆቹን ሐዋሳ ወስጄ ሐይቁን ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«ስንት ቀን ናት?»

«አምስት።»

«የተረፈውን ነዋ የሰጠሃቸው።»

ቃሉ ከባድ ነበር፤ አነጋገራቸው ግን የቁጣ አልነበረም። መስኮቱ ሥር ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር የሚለቅሙት ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ወጣቱ ተከራከረ፤ ክርክሩም እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አልነበረም። «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ጌታ የሚከተለው ሰው አባቱንም እናቱንም ልጆቹንም ከእርሱ አስበልጦ እንዳይወድ ተናግሯል። ሐዋርያቱም መረባቸውን ጥለው ነው የሄዱት። እኔ የእሱን ሥራ ሳስቀድም፣ የእኔን ቤት ደግሞ እሱ ይጠብቅልኛል ብዬ አምናለሁ።»

«ይህችን የመጨረሻዋን ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ይላታል እኮ።»

«አዎ፣ ሁሉም ይላታል። እኔም ብያታለሁ፤ ያውም መድረክ ላይ። እሷን ይዞ የኖረ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ።»

የነገሩት የቦብ ፒርስን ታሪክ ነው። በ1977ቱ ድርቅ የወርልድ ቪዥንን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ድርጅቱን በፈረንጆች 1950 ያቋቋመውን ሰው የሚያውቅ ግን ብዙ የለም። ፒርስ አሜሪካዊ ወንጌላዊ ነበር። በቻይናና በኮሪያ ያያቸው የተራቡና ወላጅ ያጡ ሕፃናት እንቅልፍ ነሱት። ፊልም እየቀረጸ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እያሳየ፣ እያለቀሰና እያስለቀሰ ገንዘብ ሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ የዳኑ ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ይሆናሉ።

«ሥራው እውነተኛ ነበር» አሉ መጋቢው። «ማንም አይክደውም። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚኖረው ከቤቱ ርቆ ነው። በባዕድ አገር ያሉትን ያንተን ልጆች እኔ ልጠብቅ፣ ቤት ያሉትን የእኔን አንተ ጠብቅልኝ ብሎ ከእግዚአብሔር ጋር እንደተዋዋለ ይናገር ነበር። በፈረንጆች 1968 ትልቋ ልጁ እሱ እስያ ሳለ ደወለችለትና ወደ ቤት እንዲመጣ ለመነችው። ወደ ቬትናም የሚሄድበት ጉዞ ነበረው፤ ጉዞውን መረጠ። ያቺ ልጅ በዚያው ዓመት ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከሚስቱም ተለያየ። ይህን የጻፈው ጠላቱ እንዳይመስልህ፤ ሌላዋ ልጁ ማሪሊ ናት፣ አባቷን እየወደደችና በሥራው እየኮራች።»

ወጣቱ ወለሉን ሲያይ ቆየ። «ልጅቷ ሕመም ይኖርባት ይሆናል፣ ጋሼ። ሁሉንም በአባቷ ላይ…»

«ልክ ነህ። አባቷ ገደላት የሚል ሰው ይበድለዋል። የሰው ልብ እንዲህ በአንድ ምክንያት አይሰበርም። እኔ የምጠይቅህ ስለ ውሉ ነው። ውል ሁለት ወገን ይፈርምበታል። ፒርስ ፈርሟል፤ ሌላው ወገን የቱ ላይ ነው የፈረመው? መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፈልገው፣ ያን ፊርማ አታገኘውም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የራሱን ቤት ማስተዳደር ያላወቀ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ የጠየቀውን ነው የምታገኘው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን ታስታውሰዋለህ?»

«ስለ እጅ መታጠብ የሚለውን?»

«ከእሱ ቀጥሎ ያለውን። ለወላጆቻቸው መጦሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ብለው የሚከለክሉ ሰዎች ነበሩ። ጌታ የተቆጣው በእነሱ ነው። ለእግዚአብሔር ሰጠን አሉ እንጂ እግዚአብሔር አላላቸውም። አሁን አስበው፤ ገንዘብ ብቻ ነው እንዴ ቁርባን የሚባለው? አንተ ማታ ማታህን ቁርባን ብለህ ልጆችህን ነፍገሃቸዋል።»

ይህ ንባብ ለወጣቱ አዲስ ነበር። ስለዚያ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ሰብኮ ያውቃል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ፈሪሳውያን ወግ እንጂ ስለ ራሱ ማታ አልሰበከም። ይሁን እንጂ መከራከሪያው አላለቀም።

«ቢሊ ግራሃምስ? ያን ሁሉ ዓለም ሲዞር ኖሮ ልጆቹ አገልጋዮች ሆነው የለም?»

ግራሃምን ማንሳቱ አያስገርምም። ሰውየው በ1952 ዓ.ም. አፍሪካን በጎበኘበት ጉዞ አዲስ አበባ መጥቶ ሰብኳል። በዚያን ጊዜ የአምስት ልጆች አባት ነበር፤ የመጨረሻው ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። በገንዘብና በሴት ጉዳይ ስሙ ሳይጎድፍ 99 ዓመት ኖሮ በ2010 ዓ.ም. አረፈ። እንደ እሱ ያለ ምሳሌ ማግኘት ለወጣት ሰባኪ ትልቅ ነገር ነው።

መጋቢው ግን የግራሃምን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አንብበውታል። «በፈረንጆች 1949 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለሦስት ሳምንት ሊሰብክ ገባ። ሕዝቡ ጎረፈ፤ ሦስቱ ሳምንት ስምንት ሆነ። በዚያ መካከል ዘመዶቹ ሊያዩት መጡ፤ አንዲት ሕፃን ታቅፈዋል። ይህች የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀ።»

«የማን ነበረች?»

«የእሱ። ሁለተኛዋ ልጁ፣ አን። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት። እሱ አላወቃትም፤ እሷም አላወቀችውም።»

ዝናቡ በረታ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ግራሃምን ከቤቱ ያቆየው ስንፍና ወይም ሌላ ሴት አልነበረም። መራዘም ነው። የሎስ አንጀለሱ ከ3 ሳምንት ወደ 8፣ በፈረንጆች 1957 ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ከ6 ሳምንት ወደ 16 ተራዘመ። እያንዳንዱ መራዘም ምክንያት ነበረው፤ ሰው ንስሐ እየገባ፣ አዳራሽ እየሞላ ነበር። በአገራችንም አገልጋይ ቤቱን የሚያጣው በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። «አንድ ሳምንት ብቻ ጨምርልን፣ መንፈስ እየሠራ ነው» በሚል ልመና ነው፤ ልመናውም እውነት ስለሆነ እምቢ ለማለት አፍ ያጣል።

«ልጆቹን ማን አሳደጋቸው መሰለህ?» መጋቢው ቀጠሉ። «ሩት ናት። ቻይና ውስጥ የሚስዮናዊ ሐኪም ልጅ ሆና የተወለደች፣ በ13 ዓመቷ ኮሪያ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት የተላከች፣ መለየት ምን እንደሆነ ከልጅነቷ የምታውቅ ሴት። ሰሜን ካሮላይና ተራራ ላይ ቤት ሠርታ አምስቱን ያሳደገች እሷ ናት። እሱ ራሱ ሲያረጅ ተጸጸተ። ብዙ ተጉዣለሁ፣ ከቤተሰቤ ጋር ብዙ መቆየት ነበረብኝ ብሎ ጽፏል፤ ሲጠየቅም ተናግሯል። አንተ የእሱን ፍሬ ጠቀስክልኝ፤ እኔ ደግሞ የእሱን ጸጸት እጠቅስልሃለሁ። ሁለቱም የእሱ ናቸው።»

«ለምን ከአሜሪካ ታመጣለህ?» አሉ ባለቤታቸው፣ እጃቸው ከምስሩ ሳይነሳ። «የቤትህን ንገረው።»

መጋቢው ዝም አሉ። እሳቸው ሲቆዩ ባለቤታቸው ራሳቸው ነገሩት። «የመጨረሻው ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነበር። እሱ ከወር ጉዞ ተመለሰ። ልጁ በሩን ከፍቶ አየውና ወደ ጓዳ ሮጦ መጣ። እማ፣ እንግዳ መጥቷል አለኝ። ሻይ አፈላሁ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ስለማፈላ፣ ልጁ ልክ ነው ያልኩት ያህል ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቺ ሻይ ትቆጨኛለች።»

«እኔ ደግሞ» አሉ መጋቢው ቀስ ብለው፣ «ያንን ታሪክ በማግስቱ ስብከት ውስጥ ተናገርኩት። ሕዝቡ ሳቀ። ስለ አገልግሎት ዋጋ ነበር የምሰብከው።»

ወጣቱ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። የሚቀጥለውን ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያነሳው ግን ከሁሉ የከበደውን ነው። «እሺ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳስ? እሳቸውም ቤታቸውን ያስቀድሙ ነበር እንበል? ቢያስቀድሙማ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

መጋቢው ወደ ባለቤታቸው አዩ። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነ ትውልድ ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩት እየተጠነቀቁ ነው። ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘጋና አገልጋዮችን ሲያስር ዝም አላሉም። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም ምእመናኑን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ። እሳቸው ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ወይዘሮ ፀሐይም በኋላ ታስረው፣ ብዙ ተሠቃይተው፣ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ።

መልሱን የሰጡት ባለቤታቸው ናቸው። ሰፌዱን ወደ ጎን አኖሩት። «ልጄ፣ ስለ ቄስ ጉዲና ሁልጊዜ ትጠይቃላችሁ፤ ስለ ወይዘሮ ፀሐይ አትጠይቁም። የተያዙት አብረው ነው። አንድ መንገድ ላይ ነበሩ። ልጆቻቸው ያለ አባት፣ ከዚያም ያለ እናት ቀሩ፤ ይህ ቀላል ነው የሚል ሰው ልብ የለውም። ግን ያን ቤት ያፈረሰው ማን ነው? ያፈረሰው ጠመንጃ የያዘው ነው። አባትየው ለጉባኤ ብሎ አላፈረሰውም። የእኔን ዓርብ ማታ ግን ደርግ አልወሰደብኝም። ይህ ሰው ነው የወሰደው፤» ወደ ባላቸው አመለከቱ፣ «አንድ ቀንም ልሂድ ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ። ቢጠይቀኝ ብዙውን ጊዜ ሂድ እለው ነበር።»

«ባትዪኝስ ኖሮ?» አሉ መጋቢው።

«ትቀር ነበራ።»

በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ለእኛ የዚህ ምልልስ ጭብጥ ይኸው ነው። መሥዋዕት የሚባለው ሰው የራሱን ሲሰጥ ነው። ሚስትና ልጆች ሳይጠየቁ የእነሱ ጊዜ፣ የእነሱ አባት፣ የእነሱ እራት ሲወሰድ፣ ሰጪው አባወራ ይባልና ከፋዮቹ ስም የላቸውም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን ከጥንት ያወቀው ይመስላል። ቅስና የሚሻ ዲያቆን አስቀድሞ ወይ ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል፤ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያገባ ሰው ሚስቱን እንዴት ደስ እንደሚያሰኝ እንደሚያስብ፣ ልቡም እንደሚከፈል ተናግሯል፤ ሁለቱን ኑሮ ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ያስቸገረን አግብተን ስናበቃ እንደ መነኩሴ ለመኖር የምንሞክር ሰዎች ነን።

ወጣቱ ወደ ተግባሩ መጣ። «ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል? ደክሟል፣ ቀዝቅዟል ይላሉ። ሐሙስን ብተወው ኅብረቱን የሚመራው ማን ነው?»

«የሙሴ አማት ዮቶር ምን አለ?» ጠየቁት መጋቢው።

«ሙሴ ብቻውን አይችልም፣ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ ይሹም አለ። በመሪዎች ሥልጠና ላይ ሁልጊዜ እናስተምረዋለን።»

«ዮቶር ወደ ምድረ በዳ ሲመጣ ባዶ እጁን ነበር?»

ወጣቱ አሰበ። አላስታወሰም።

«የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ወንዶች ልጆች ይዞ ነው የመጣው። ሙሴ ወደ አማቱ ቤት ልኳቸው ነበር። ዘጸአት 18 የሚጀምረው በዚያ ነው። ሽማግሌው በመጀመሪያ ልጆቹን ለአባታቸው አስረከበ፤ በማግስቱ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡ ላይ ሲፈርድ ሲውል አየ፤ ሥራህን አካፍል ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አያት ነውና የልጅ ልጆቹ በድንኳኑ በር ቆመው አባታቸውን ሲጠብቁ ያየ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። እኛ በሥልጠናው ላይ የሺህ አለቃውንና የመቶ አለቃውን እንወስድና ሲፓራን ከመግቢያው ላይ ቆርጠን እንጥላታለን።»

ከዚህ በኋላ ወጣቱ እስክሪብቶ አወጣ። ሐሙስን ሰርዞ በላዩ «ቤት» ብሎ ጻፈ። መጋቢው ሐሙስ የምትለዋን ሲያዩ ፈገግ አሉና ሌላ ታሪክ አነሱ። በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ የምትባል የገጠር ደብር ቄስ ሚስት ነበረች፣ ሱዛና ዌስሊ። 19 ልጆች ወልዳ ግማሽ ያህሉን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ማታ መድባ፣ ያን ልጅ ለብቻው አስቀምጣ ታነጋግረው ነበር። የጆን ተራ ሐሙስ ነበረች። ጆን አድጎ ኦክስፎርድ መምህር ከሆነም በኋላ ያችን የሐሙስ ማታ ጊዜ እንድታስበው ለእናቱ በደብዳቤ ለምኗል። በኋላ የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የመሠረተው ይኸው ልጅ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገባ። በፈረንጆች 1751። በተጋቡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያገባ ሰባኪ ካላገባው አንድ ስብከት ወይም አንድ ቀን መንገድ ሊያጎድል አይገባውም ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ለዚያችም ሴት ሐሙስ አልነበራትም። ትዳሩ ፈረሰ፤ በ1781 ስትሞት እንኳ የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነው። ሐሙስን ከእናቱ ሲቀበል ያደገ ሰው ነው ይህ። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።»

ባለቤታቸው ተነሥተው ወረቀቱን ከወጣቱ እጅ ወሰዱት። ሐሙስ ላይ የተጻፈውን «ቤት» አዩና ጠየቁት።

«ሐሙስን ማን መረጠው?»

«እኔ… አሁን።»

«ሚስትህ ሐሙስ ማታ ምን እንዳለባት ታውቃለህ?»

አያውቅም። ፊቱ ላይ ይነበባል። ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ሰጡት፤ እስክሪብቶውንም ጨመሩለት። «እሷ ትሙላው። ጳጉሜንንም፣ ሐሙስንም። ከዚያ የቀረውን ለሽማግሌዎቹ አቅርብ።»

ዝናቡ ሲያባራ ወጣቱ ጫማውን አጥልቆ በረንዳው ላይ ቆመና ስልኩን አወጣ። መጋቢውና ባለቤታቸው ሊሸኙት ከኋላው ቆመዋል። ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጩኸትና የሚጠበስ ሽንኩርት ድምፅ ይሰማል።

«ሄሎ» አለ። «በሳምንት አንድ ማታ… የትኛው ቀን ነው የሚመችሽ?»

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ የሚስቱ ድምፅ በረንዳው ላይ ላሉት ሁሉ በሚሰማ መልኩ መጣ።

«ለምን ስብሰባ?»